ጌጥ ወይስ መሣሪያ?

ስለ ተማሪውና ስለ መካከለኛው ስልኩ

በአያቶቻችን ዘመን ሰው የሚመዘነው በሚቀመጥበት በቅሎና በሚይዘው ጠመንጃ ነበር። በቅሎዋ ባማረ ኮርቻ ከተጫነች ባለቤቷ ጨዋ ነው፤ ጠመንጃው ከተወለወለ ያዡ ጀግና ነው ይባል ነበር። ጠመንጃው ይተኩስ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ አልነበረም። ዛሬ በኮሌጃችን ግቢ በቅሎም ጠመንጃም የለም፤ መመዘኛው ግን አልጠፋም፤ ወደ ኪስ ገብቷል። አንድ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ከሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር፣ አብረውት የተቀመጡት በመጀመሪያ የሚመለከቱት የስልኩን ጀርባ ነው። ስንት የካሜራ ዓይን አለው? ምልክቱ የየትኛው ኩባንያ ነው? ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚጀመረው። ስልኩ ዝቅ ያለ የሆነበት ልጅ ደግሞ ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥን ተምሯል።

ውድ አንባብያን፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስልክን ለመንቀፍ አይደለም። ስልክ ወጣቱን አበላሸው፣ ንባብን ገደለው የሚለውን ክስ ሰምተን ጠግበናል። ከሳሾቹም ቢሆኑ ክሱን የሚያሰሙት በስልካቸው ነው። እኔ ለማለት የፈለግሁት ሌላ ነው። ለዛሬ ተማሪ ስልክ እንደ እርሳስና እንደ ደብተር የትምህርት መሣሪያ ሆኗል። ይህን እውነት ግን ሁለት ወገኖች በሁለት መንገድ ዘንግተውታል። እኛ ተማሪዎች መሣሪያውን ጌጥ አደረግነው። ኮሌጁ ደግሞ መሣሪያው በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ከሰማይ የወረደ ይመስል፣ ሥራውን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣለ። የሁለቱም ስሕተት ዕዳ የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም በድኻው ተማሪና በቤተ ሰቡ ላይ።

መካከለኛ ስልክ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። ለመደወልና አጭር መልእክት ለመላክ ብቻ የሚያገለግለውን ባለ ቁልፍ ስልክ ማለቴ አይደለም። ዋጋው አንዲት ትንሽ ሱቅ የሚያቋቁመውን ውድ ስልክም ማለቴ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ 6 ወይም 8 ጊጋባይት ራም፣ 128 ጊጋባይት ማከማቻና 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለውን፣ ከመርካቶ ወይም ከመገናኛ ሱቆች ሃያ ሺህ ብርና ከዚያም በላይ ተከፍሎበት የሚወጣውን ማለቴ ነው። በዙሪያችን በብዛት የምናየው ይህን ወይም ከዚህ ጥቂት ዝቅ የሚለውን ነው። እኔም የያዝሁት ይህንኑ ነው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ድምፅ በሽቦ ሲሄድ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ ይተረካል። የእጅ ስልክ የመጣው ግን በ1991 ዓ.ም. ነው። ለጥቂት ዓመታትም ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጠር ነበር። በዛሬው ጊዜ በየክፍሉ የምንማረው አብዛኞቻችን የተወለድነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ስልክ ለእኛ እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ የምናስታውሰው ሲቋረጥ ነው።

አንድ ተማሪ ከማለዳ እስከ ማታ በዚህ መሣሪያ የሚሠራውን እንቁጠር። የሚቀሰቅሰው ስልኩ ነው። የዕለቱ ትምህርት በየትኛው አዳራሽ እንደሚሰጥ የሚያነበው በቴሌግራም ነው። መምህሩ የላኩትን ሦስት መቶ ገጽ በፒ ዲ ኤፍ የሚያነበው በዚያችው የመዳፍ ስፋት ባላት መስታወት ላይ ነው። በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈውን ለመገልበጥ ጊዜ ሲያጥረው ፎቶግራፍ ያነሣል። ያልገባውን ቃል በመዝገበ ቃላት ይፈልጋል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከአገር ቤት የሚላክለትን ብር በዚሁ የሚቀበል ብዙ ነው። መብራት ሲጠፋ ኩራዙ እርሱ ነው። ማታ ደግሞ ለእናቱ ይደውልበታል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ዕቃ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ሳምንት ያለ ስልክ ይማርና ፍርዱን ከዚያ በኋላ ይስጥ።

እንግዲህ መሣሪያ ከሆነ ስለ ምን እንደ ጌጥ እንገዛዋለን?

ገበያውን ልብ ብለን እንመልከት። በመኝታ ቤታችን ውስጥ ቴክኖ ይበልጣል፣ የለም ኢንፊኒክስ ይበልጣል እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት የሚካሄደውን ክርክር የማያውቅ የለም። ነገር ግን ቴክኖም፣ ኢንፊኒክስም፣ አይቴልም በቻይና አገር በሼንዘን ከተማ የሚገኘው የትራንሽን ኩባንያ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይኸው ኩባንያ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን ውስጥ ስልክ ሲያስገጣጥም ቆይቷል። ስለ ሁለት ወንድማማቾች መልክ እየተከራከርን እንቅልፋችንን እናጣለን ማለት ነው።

እንደገና ካርቶኑን እንመልከት። በብዙ መካከለኛ ስልኮች ካርቶን ላይ 16 ጊጋባይት ራም የሚል በትልቁ ተጽፎ ይታያል። ጠጋ ብሎ ላነበበው ግን 8 ሲደመር 8 ነው። የመጀመሪያው 8 እውነተኛ ነው። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው ላይ በብድር የሚወሰድ ነው፤ ማከማቻው ደግሞ ከእውነተኛው ራም እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ ብድሩ ያን ያህል አይጠቅምም። በጀርባው ላይ የተደረደሩት የካሜራ ዓይኖችም እንዲሁ ናቸው። ሥራውን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ አንዱ ዋናው ብቻ ነው። ከቀሩት አንዱ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ሆኖ፣ ከሥራው ይልቅ ቁጥር ለማሟላት የተቀመጠ ሆኖ ይገኛል። ኩባንያዎቹ ይህን የሚያደርጉት ሞኞች ስለ ሆኑ አይደለም። እኛ ጀርባውን እንደምናይ ስለሚያውቁ ነው። ጌጥ ለሚፈልግ ገበያ ጌጥ ይሸጣሉ።

ከዚህም የሚከፋ አለ። መካከለኛው ስልክ አሳፈረኝ ብሎ ውዱን የሚመኘው ተማሪ ገንዘቡን ከየት ያመጣል? ራሱ ሠርቶ አይደለም። አባቱ በሬ ይሸጣል፤ ወይም እናቱ የዕቁቧን ዕጣ ትሰጠዋለች፤ ወይም ደግሞ በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ትልክለታለች። ይህች እህት በሌሊት ተነሥታ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ብዙዎቹ ወደዚያ የሄዱት ትምህርታቸውን አቋርጠው ነው። ወንድማቸው እንዲማር እነርሱ ቀሩ። ወንድምየው ደግሞ ስልክ ላኪልኝ ሲል፣ የምትልክለት የሚማርበት መስሏት ነው። ከሚፈልገው በላይ ሁለት እጥፍ የሚያወጣ ስልክ ያስላካት ወንድም፣ በትርፉ የገዛው የጓደኞቹን አንድ ሳምንት አድናቆት ነው። እርሷ ያንን ትርፍ የከፈለችው በስንት ሳምንት ድካም እንደ ሆነ ጠይቋት ያውቃልን?

በዚህ ላይ ዋጋው ራሱ ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስልክ በአገር ውስጥ ቢገጣጠምም እንኳ አካላቱ የሚመጡት ከውጭ ነውና ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል። ትናንት ለውዱ ስልክ የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ ለመካከለኛው የሚከፈል ሆኗል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ በጌጥ መፎካከር የራስን ቤት አፍርሶ በእንጨቱ እንደ መሞቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ርካሽ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ውዱን አንድ ጊዜ ገዝቶ ብዙ ዓመት መያዝ ይሻላል የሚሉ ጓደኞች አሉ። ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። አንዳንድ ኩባንያዎች ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ውድ ስልኮቻቸውን እስከ 7 ዓመት ድረስ ለማደስ ቃል ገብተዋል። ብዙ መካከለኛና ዝቅተኛ ስልኮች ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ እድሳቱ ይቋረጥባቸዋል። እድሳት ማለት አዲስ መልክ ብቻ አይደለም፤ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈንም ነው። ገንዘባችንን በስልክ ማንቀሳቀስ ከጀመርን ወዲህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ክርክሩ ትክክል የሚሆነው ውዱን የገዛው ሰው በእርግጥ ሰባት ዓመት ሲይዘው ነው። በጌጥነት የገዛው ሰው ግን የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ሲመጣ የያዘው ያስጠላዋል። በጌጥነት የተገዛ ዕቃ የሚያረጀው በባትሪው አይደለም፤ በወሬው ነው። ስለዚህ ለተማሪ የሚበጀው በካርቶኑ ላይ ስንት ዓይን እንዳለው ከመጠየቅ ይልቅ እድሳቱ ለስንት ዓመት እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። በመካከለኞቹም ዘንድ ቢሆን ልዩነት አለ፤ ከዕጥፍ በላይ ዕድሜ የሚያገኝ ይገኝባቸዋል። ይህን ጥያቄ ለባለ ሱቅ የሚያቀርብ ተማሪ ግን እምብዛም አላየሁም።

የያዙትን በአግባቡ መያዝም የዚሁ አካል ነው። ገበሬ ማረሻውን ከዝናብ ያስጠጋል፤ ወታደር መሣሪያውን ይፈታል፤ ይወለውላል። እኛስ? ስልኩን ከቻርጀር ጋር እንዳለ ከትራስ ሥር አድርገን እንተኛለን። የስልክ ባትሪ ከሊቲየም የሚሠራ ነው፤ ዋና ጠላቱም ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ተሟጦ ሙሉ በሙሉ መሞላትም ያደክመዋል። አምስት መቶ፣ ስምንት መቶ ጊዜ ያህል ከተሞላና ካለቀ በኋላ የመጀመሪያ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ግድም ዝቅ ማለቱ የተፈጥሮው ነው። እንግዲህ መብራት በሚጠፋበት አገር ሙሉ እስኪሆን መሙላት ግዴታ የሚሆንበት ቀን አለ። በሌላው ቀን ግን ከ20 በመቶ በታች ሳይወርድ መሰካት፣ 80 ገደማ ሲደርስ መንቀል ዕድሜውን ያረዝምለታል። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ስልኩ ሞተ ብሎ አዲስ ከመጠየቅ፣ ጥገና ቤት ወስዶ ባትሪውን ብቻ ማስለወጥ ይቻላል። ዋጋው ከአዲስ ስልክ ጋር አይወዳደርም።

ስልኬ ስታክ ያደርጋል የሚለውም ስሞታ በየዕለቱ የምንሰማው ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ቴሌግራም በየቡድኑ የሚለጠፈውን ቪዲዮና ፎቶግራፍ ሁሉ ሳንጠይቀው እያወረደ 128 ጊጋባይቱን በአንድ የትምህርት ዘመን ይሞላዋል። ማከማቻው ጢም ብሎ ሲሞላ ስልኩ መተንፈሻ ያጣል። በራሱ እንዳያወርድ በቅንብሩ ውስጥ መከልከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዳታውም ይተርፋል፤ ስልኩም ይፈጥናል። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ደግሞ *#06# ብሎ የሚወጣውን ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ሳያስተያይ ገንዘቡን አይቁጠር። ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ነገር ግን መሣሪያን ከጌጥ የሚለየው ይህ ጥቃቅን ጥንቃቄ ነው።

እኔ በአርት ፋኩልቲ የምማር በመሆኔ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ እርሱም የፊደላችን ነገር ነው። በስልክ አማርኛ ስንጻጻፍ ብዙዎቻችን በላቲን ፊደል እንጽፋለን። ይህ ልማድ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። በፊት የነበሩት ባለ ቁልፍ ስልኮች ብዙዎቹ ፊደላችንን አያውቁም ነበር። ፊደሉን ለሚያውቅ ስልክም ቢሆን ሒሳቡ ይከብድ ነበር። ለአንድ አጭር መልእክት የተመደበው ቦታ 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ምልክት ይገባበታል። የእኛው ፊደል ግን 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባበት 70 ብቻ ነው። ሆኖም የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ይይዛል። ሰላም ለማለት በላቲኑ 5 ምልክት ሲያስፈልግ በእኛ 3 ይበቃል። ስለዚህ ጉዳቱ በቁጥር እንደሚታየው የከፋ አልነበረም።

ዛሬ ግን ያ ምክንያት ፈጽሞ አልፏል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የእጅ ስልክ ወደ አገራችን በገባበት ዓመት ማለት ነው። በዚህ ዘመን የሚሸጥ ማንኛውም መካከለኛ ስልክ አማርኛ ያነባል፤ ይጽፋል። በቴሌግራም ደግሞ በፊደል ብዛት የሚከፈል የለም። ታዲያ ለምን በሰው ፊደል እንጽፋለን? ሰነፎች ስለ ሆንን ነው፤ በከፊልም የሥልጡንነት ምልክት መስሎን ነው። ለአዲሱ ካሜራ ሺህ ብሮች የምንጨምር ሰዎች፣ ያለ ምንም ክፍያ የተሰጠንን የፊደል ገበታ ለመልመድ ሁለት ቀን አንሰጥም። እጁ ላይ ያለውን መሣሪያ ግማሹን ሳይጠቀምበት ሌላ የሚመኝ ሰው የያዘው ጌጥ መሆኑን በራሱ ላይ መሰከረ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ራሳችን ነው። አሁን ወደ ኮሌጁ ልዙር፤ ምክንያቱም ተማሪውን ብቻ ወቅሶ መቀመጥ ግማሽ እውነት ይሆናል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ተፈታኙ ስልክ ይዞ እንዳይገባ በጥብቅ ተከልክሏል። ስለ ፈተናው ጥራት የተወሰደ እርምጃ ነውና አልቃወመውም። ነገር ግን ያው ተማሪ ፈተናውን አልፎ በመደበኛነት ወደ ኮሌጅ ሲመጣ ምን ይጠብቀዋል? የምዝገባው ማስታወቂያ በቴሌግራም፤ የትምህርቱ ጽሑፍ በቴሌግራም፤ የቤት ሥራው በቴሌግራም፤ የክፍል ለውጡ በቴሌግራም። ትናንት ስልክ ይዘህ ከመጣህ ትባረራለህ የተባለው ልጅ፣ ዛሬ ስልክ ሳትይዝ ከመጣህ አንተን አናውቅህም ተባለ። በመካከሉ ስልኩን ማን እንደሚገዛለት የጠየቀ የለም።

የወጪ መጋራት ውል ስንፈርም ምግቡ፣ መኝታው፣ የትምህርቱ ወጪ በዝርዝር ተቆጥሮ ይቀርብልናል። ስልክና ዳታ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። እንግዲህ በሕግ ዓይን ስልክ ለትምህርት አያስፈልግም ማለት ነው። በተግባር ግን ያለ እርሱ መማር አይቻልም። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በሰው ላይ ሲያርፍ ግን እንደዚያ አይደለም። በክፍላችን አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ አለ። የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ፈተና ሰዓት ከቀትር በኋላ ወደ ጠዋት ተዛውሮ ማስታወቂያው ሌሊት በቡድኑ ውስጥ ተለጠፈ። እርሱ ሊያየው አይችልም ነበር። ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ማስታወሻውን ይዞ ዛፍ ሥር ሲያጠና ሌሎቻችን ፈተናውን ጨርሰን ወጣን። ተለጥፎ ነበር የሚል መልስ ተሰጠው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሌላ ፈተና ተፈቀደለት፤ የተመላለሰባቸው ሳምንታት ግን የሌሎቹን ትምህርቶች ጊዜ በሉበት። ይህ ልጅ ከክፍሉ ሰነፎች አንዱ አይደለም። ጥፋቱ ድኻ መሆኑ ብቻ ነበር።

አንዳንዶች ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ወደ ወረቀት መመለስ ወደ ኋላ መሄድ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ወረቀት እንመለስ አላልሁም። ድልድይ ሲሠራ አሮጌውን መሻገሪያ የሚያፈርሱት ሰው ሁሉ በአዲሱ ማለፍ ከቻለ በኋላ ነው እላለሁ እንጂ። ሥልጣኔ ማለት የተሻለው መሣሪያ በጥቂቶች እጅ መገኘቱ አይደለም፤ ለሁሉ መድረሱ ነው።

ስለዚህ ኅብረታችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እንዲነጋገርባቸው አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ የፈተናና የምዝገባ ማስታወቂያ ሁሉ በቴሌግራም በወጣበት ዕለት በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳም ላይ እንዲለጠፍ ኮሌጁን እንጠይቅ። በሰሌዳ ላይ ያልተለጠፈ ለውጥ እንደ ለውጥ አይቆጠር። ይህ አንድ ወረቀትና አራት መርፌ ቁልፍ ብቻ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፤ በስልክ የሚሰራጭ የትምህርት ጽሑፍ ሁሉ አንድ አንድ የታተመ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሦስት መቶ ገጽ በትንሽ መስታወት ላይ ማንበብ ስልክ ላለውም ቢሆን ዓይን ያደክማል።

ሦስተኛ፤ በንባብ አዳራሾች የሶኬት ቁጥር ይጨመር፤ ዋይ ፋይም ለስሙ ሳይሆን በእውነት የሚሠራ ይሁን። አንድ ሶኬት ለሃያ ሰው ሲሆን የሚማረው ቀድሞ የደረሰ ብቻ ነው።

አራተኛው ከኮሌጁ የሚጠየቅ አይደለም፤ ከእኛው ነው። በየሣጥናችን ውስጥ አዲስ ገዝተን የጣልናቸው፣ ግን የሚሠሩ ስልኮች አሉ። ተመራቂዎችም ሲወጡ ብዙ ዕቃ ትተው ይሄዳሉ። ኅብረቱ እነዚህን ይሰብስብ። በግቢያችን ውስጥ መስታወት የሚቀይሩ፣ ፍላሽ የሚያደርጉ፣ ባትሪ የሚለውጡ የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች አሉ፤ ይጠግኑልን። ከዚያም በተራና በፊርማ፣ እንደ መጽሐፍ፣ ስልክ ለሌለው ተማሪ ለአንድ የትምህርት ዘመን ይዋሱ። ባትሪና መስታወት ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋልና እያንዳንዳችን በወር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብናዋጣ ይበቃል ብዬ እገምታለሁ።

ለዚህም ቅድሚያ የሚያስፈልገው የአስተሳሰብ ለውጥ ነው። የተዋሰውን ስልክ የያዘ ልጅ በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሳቅበት ከሆነ ማንም አይዋስም። ሰው በድኽነቱ ከመሳቅ ይልቅ ፈተና ቢያመልጠው ይመርጣል፤ ይህንንም በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ የካሜራ ዓይን መቁጠራችንን ስንተው ለራሳችን ገንዘብ ብቻ አንቆጥብም፤ ለሌላው መማሪያ በር እንከፍታለን። ከኮሌጁ ፍትሕ የሚጠይቅ ተማሪም አስቀድሞ በራሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ፍትሕ ማድረግ አለበት።

የስብሰባው ቀን በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ሁላችሁም እንድትመጡ እለምናለሁ። በሣጥናችሁ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ስልክ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ቻርጀሩንም አትርሱ።

ከአርት ፋኩልቲ፣ የ3ኛ ዓመት ተማሪ